ፈጣን ልጅ ይዞ ወዴት? የምርመራና የትምህርት አማራጮች ለወሎ ወላጆች

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላው ታፔላ ማንበብ ጀመረ። ፊደል ያስቆጠረው ሰው የለም። ደሴ ፒያሳ ይዤው ስሄድ «ፋርማሲ»፣ «ሥጋ ቤት»፣ «ፎቶ ቤት» እያለ ይጠራልኛል። ሥዕሉን አይቶ የሚገምት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ፊት ቆመና «እማዬ፣ አንዷ ፊደል ወድቃለች፤ ‹ዳቦ ት› ነው የሚለው» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም «ቤ»ዋ ተገንጥላለች። ስንት ዓመት ዳቦ የገዛሁበት ቤት ነው፤ አስተውዬው አላውቅም።

ለእናቴ ስነግራት ደስ አላት። ወዲያው ግን «ሰው ፊት አታስነብቢው፣ ዓይን ይገባዋል» አለችኝ። ይህን ንግግር የማያውቅ የወሎ ቤት ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሲፈጥን ደስታና ፍርሃት አብረው ነው የሚመጡት።

የእኔ ፍርሃት የበረታው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በሁለተኛው ወር «ሆዴን ያመኛል» እያለ መቅረት ጀመረ። መምህሯ አስጠርታኝ «ሥራውን ቶሎ ይጨርስና ይነሳል፣ ሌሎቹን ይረብሻል» አለችኝ። ቶሎ መጨረሱ እንደ ጥፋት ሲነገረኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ያሉ ወላጆች ይህንኑ ይጠይቁኛል። አዲስ አበባ ወስጄ ላስመርምረው? ደብል ይምታ? ከመንግሥት አውጥቼ የግል ላስገባው? ወይስ ልተወው፣ ራሱ ያድጋል? አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። ምርመራ የሚጠቅመው ውጤቱ ሲመጣ የምትለውጡት ነገር ካለ ነው። የምትለውጡት ከሌለ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ልጁም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቀውን ይማራል።

አንደኛ መውጣት ሌላ፣ ፈጣን መሆን ሌላ

እኛ አገር ልጅ የሚለካው በካርድ ላይ ባለው ደረጃ ነው። አንደኛ የሚወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ታታሪ ነው። ደብተሩ ንጹሕ ነው፣ የተባለውን ያደርጋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈጣኑ ልጅ ግን አንደኛ ላይወጣ ይችላል። የሚያውቀውን አሥር ጊዜ መጻፍ ስለሚሰለቸው የቤት ሥራውን ይተወዋል። ጥያቄው አያልቅም። አንዴ የሰማው አይጠፋውም። ከእኩዮቹ ይልቅ ከትልልቆቹ ጋር መዋል ይወዳል።

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ተሰጥኦን የሦስት ነገሮች መገናኛ አድርጎ አስቀምጦታል፦ ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እና የያዙትን ሳይለቁ የመሥራት ትጋት። ይህን አከፋፈል የምወደው ፍጥነት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ስለሚነግረን ነው።

የምንሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ እንግሊዝኛ ነው። የግል መዋዕለ ሕፃናት የዋለ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲያወራ «ጂኒየስ ነው» እንላለን። እሱ ቋንቋ የሰማ ልጅ ነው። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ከአባቷ ጋር ቆማ የፍየሉን ዋጋ፣ የደላላውን ድርሻና የሚተርፈውን በቃሏ የምታሰላውን ልጅ ግን ማንም አያስመረምራትም። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። የወንዱ ጥያቄ «ብልህ» ሲያሰኘው የእሷ «አፈኛ» ያሰኛታል። እባካችሁ ሴቶቹን ልብ በሏቸው።

ሌላው ዕድሜ ነው። በ2012 በኮሮና፣ በ2014 በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጧል። አንድ ክፍል ውስጥ የዕድሜ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሦስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ከታናናሾቹ ቢፈጥን አይገርምም። ስለዚህ ስታወዳድሩ ዕድሜውን ቁጠሩ፣ ክፍሉን አይደለም።

በምን እንለየው?

የመጀመሪያው መሣሪያ ርካሽ ነው፦ ደብተር። ለሦስት ወር የምታዩትን ቀን እየጻፋችሁ አስፍሩ። «ጎበዝ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያለውንና ያደረገውን ጻፉ። ከእኔ ደብተር ላይ ልጥቀስ፦ «ኅዳር 9። ከኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናው ለምን እንደሚያቃስት ጠየቀ። ስለ ማርሽ ነገርኩት። ማታ ትልቅና ትንሽ ጥርስ ሥሎ የትኛው ቶሎ እንደሚዞር አሳየኝ።» «ኅዳር 15። ፀሐይ ጦሳ ጀርባ ስትገባ፣ ኮምቦልቻ ላይ ገና ትታያለች ወይ አለ።» «ኅዳር 16። የጫማ ክር ማሰር አቅቶት አለቀሰ።» የመጨረሻዋን አትዝለሏት። የሚያቅተውም ይጻፍ። ዳይሬክተር ቢሮ ስትገቡ «ልጄ ልዩ ነው» የሚል ወላጅ በየቀኑ ይመጣል። ቀን ያለበት ደብተር ይዞ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው፤ ይደመጣል።

ሁለተኛው ከክፍሉ በላይ የሆነ ፈተና ነው። ከሁሉም አብልጬ የምመክረው ይህን ነው። ልጁ በራሱ ክፍል ፈተና 100 ከ100 ቢያገኝ የነገረን ጥቂት ነው። ጣሪያው ጋ ደርሷል፤ ከጣሪያው በላይ ምን ያህል እንደሚሄድ አናውቅም። ስለዚህ ካለፈው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና የአንድ ክፍል ከፍ ያለውን ለምኑ። እሱን ከሠራው የሁለት ክፍል ከፍ ያለውን ስጡት። ሒሳብን ለብቻ፣ አማርኛን ለብቻ። አታግዙት፣ በሰዓት አታስጨንቁት። እንደ እኔ 80 እና ከዚያ በላይ ካገኘ ያንን የክፍል ይዘት ያውቀዋል ማለት ነው። ልጆች በሁሉም ትምህርት እኩል አይፈጥኑም። በሒሳብ ሁለት ክፍል የቀደመው በጽሕፈት ከእኩዮቹ ጋር ሊሆን ይችላል። በዚህ ፈተና ይህ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ልጄ 3ኛ ክፍል እያለ የ5ኛን ሒሳብ ሰጠሁት። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጥያቄዎች እያንጎራጎረ ሠራቸው። ክፍልፋይ መደመር ጋ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ። ላጲሱን አነሳ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ እንባው ወረደ። ሽንኩርቱ መስሎኝ ነበር። «አላውቀውም» አለ፣ ነውር የሠራ ያህል አንገቱን ደፍቶ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ልጄ በትምህርት የሚያቅተው ነገር አጋጥሞት አያውቅም ነበር። ማጣት፣ መሞከር፣ መሳሳት አልተማረም። በየዓመቱ የሚያውቀውን መማሩ ያስቀረበት ይህን ነው። ማታውን እንጀራ ለአራት ቆርሰን ክፍልፋዩን ደመርን።

ሦስተኛው የባለሙያ ምርመራ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ከልጁ ጋር ለብቻው ተቀምጦ የሚሰጠው የአእምሮ ችሎታ ፈተና ማለቴ ነው። በብዛት ስሙ የሚነሳው የዌክስለር የልጆች ፈተና ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። አማካዩ 100 ነው። 130 እና ከዚያ በላይ የሚያገኙት ከ100 ልጆች ሁለት ያህሉ ናቸው። የሬቨን የሚባለው ደግሞ ቃል የለውም፤ የጎደለውን ሥዕል ከአማራጮች መምረጥ ነው። ቋንቋ ስለማይጠይቅ ለእኛ ልጆች ይሻላል። ሆኖም እሱም ቢሆን ወረቀትና ሥዕል የለመደ ልጅን ያግዛል።

ዌክስለር መጀመሪያ የተሠራው ለአሜሪካ ልጆች ነው። ጥያቄውን ቁጭ ብሎ ወደ አማርኛ መመለስ ፈተናውን ያው ፈተና አያደርገውም። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ እግዜር ቃል አትያዙት። ልጁ ስድስት ዓመት ሳይሞላው የተገኘ ውጤት ደግሞ በኋላ ብዙ ሊዋዥቅ ይችላል።

ታሪኩም ጥንቃቄ ያስተምራል። ፈረንሳዮቹ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ ሲያወጡ ዓላማቸው እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ማግኘት ነበር። ልሂቅ ለመምረጥ አልነበረም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 በላይ ልጆችን በፈተና መርጦ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተለ። ተፈትነው ነጥባቸው ስላልደረሰ ከቀሩት መካከል ዊሊያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሌላው በ1968።

ታዲያ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ማስፈተን መቼ ያዋጣል? ልጁ እንቆቅልሽ ሲሆን። በቃል ሲያወራ የሚያስደንቅ፣ ንባብ ላይ ግን የሚወድቅ ልጅ አለ። ሒሳቡን የሚያውቅ፣ አምስት ደቂቃ ግን መቀመጥ የማይችል አለ። ተሰጥኦና ችግር አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሲገናኙም አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። እዚያ ላይ የባለሙያ ዓይን ምትክ የለውም። ከመንገዱ በፊት ግን ዓይንና ጆሮውን አስመርምሩ። ለዓይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ዓመት ይቀጣል።

እዚሁም የሚንኳኳ በር አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የሚያስተምሩ መምህራን፣ የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ መምህራን፣ ትምህርት ቤታችሁ ወይም ጉድኝት ማዕከሉ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ማስተባበሪያ) ያለው የልዩ ፍላጎት መምህር። «ማንን ላማክር?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም። ባለሙያ ስታገኙ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ የትኛው ፈተና ነው? በምን ቋንቋ? የጽሑፍ ሪፖርት ይሰጣል? የሚሰጠኝ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ወይስ የእያንዳንዱ ክፍል ውጤት? አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ተዉት።

ስልክ ላይ «የልጅዎን አይኪው በ10 ደቂቃ» የሚለውን እለፉት።

ትምህርቱንስ?

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ጽፎት ነበር። ይህን ማወቅ ደፋር ያደርጋል። ዳይሬክተሩን ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

ቀላሉ አማራጭ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሥራው እንዲከብድ ማድረግ ነው። ከበድ ያለ እንጂ ብዙ አይሁን። አሥር መደመር የጨረሰ ልጅ ሌላ ሃያ መደመር ሲጨመርለት ቶሎ መጨረስ ቅጣት እንዳለው ይማራል። ይልቅ መምህሩ አንድ ጥያቄ ይስጠው፣ መልሱ ሦስት መንገድ ያለው። ይህ ግን 60 እና 70 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ለመምህሩ ከባድ ነው። መምህሩን አትውቀሱ። ጥያቄዎቹን እናንተ አዘጋጅታችሁ በደብተር ላኩለት።

እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው፦ በአንድ ትምህርት ብቻ ከፍ ማለት። ልጁ ሒሳብን ከላይኛው ክፍል ጋር ይማራል፣ ለቀረው ከእኩዮቹ ጋር ይሆናል። ጓደኞቹን አያጣም፣ ጭንቅላቱም አይራብም። አስቸጋሪው ፕሮግራም ማገጣጠም ነው። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ ከሆነ ግን ዕድል አላችሁ። ጠዋት የራሱን ይማራል፣ ከሰዓት የላይኛው ክፍል ሒሳብ ባለበት ክፍለ ጊዜ ገብቶ ይቀመጣል። የሚያስፈልገው የሁለት መምህራን ፈቃድና አንድ ወንበር ነው። ልጄ ኋላ ወንበር ላይ በእንግድነት ጀመረ። በወሩ ሰሌዳ ላይ ይወጣ ነበር። ሆድ ሕመሙም ቀረ።

ደብል መምታትን ወላጅ ሁሉ ቀድሞ የሚያነሳው ነው። እኔ አልቃወመውም። በሁሉም ትምህርት የቀደመ፣ ራሱ የፈለገው፣ ተቀባዩም መምህር «ይምጣ» ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ሦስቱ ካልተሟሉ አትቸኩሉ። ለስድስት ሳምንት ያህል ሙከራ አድርጉት፤ ካልሆነ ያለ ሐፍረት እንዲመለስ። ውሳኔውም በጽሑፍ ካርዱና መዝገቡ ላይ ይስፈር፣ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ከከተማው ትምህርት መምሪያ ጋር ተነጋገሩበት። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ስሙን ፍለጋ መሯሯጥ እንዳይመጣ።

ገጠር ላላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አለ። ልጃችሁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሐይቅ ወይም መርሳ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ተሸክሞ የሚማር ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ ደብል የመታ ልጅ በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ብቻውን ኪራይ ቤት ሊያድር ነው። ለሴት ልጅ ይህ ይበልጥ ያስፈራል። ሒሳቡን ቢችል ሌሊቱን አይችለውም። ለእንዲህ ያለው ቤት በአንድ ትምህርት ከፍ ማለት በእጅጉ ይሻላል።

የግል ትምህርት ቤት መቀየር? ክፍሉ ጠበብ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ስትመዘገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ሥራውን ቶሎ የጨረሰ ልጅ ምን ይሰጠዋል?» መልሱ «ተጨማሪ የቤት ሥራ» ከሆነ የምትከፍሉት ለዩኒፎርሙ ነው። በክልሉ በፈተና የሚገባባቸው ልዩ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ለታዳጊው ትልቅ ዕድል ነው፤ ጥያቄው የሚነሳው ግን 8ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ከአሁኑ እንቅልፍ አትጡ።

የኔታና ሸኹ

ይህን ክፍል ለብቻው የጻፍኩት ሰው ስለሚረሳው ነው። ወሎ ውስጥ ልጅ በዕድሜው ሳይሆን በደረሰበት የሚማርበት ትምህርት ቤት ድሮም ነበር። አብነት ትምህርት ቤት ክፍል የለውም። ዳዊት የደገመ ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ያልፋል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ቢሆን የኔታ «ዕድሜህ አልደረሰም» አይሉትም። የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። ቅኔ ቤት ደግሞ የተባለውን መድገም ዋጋ የለውም። ተማሪው ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ረጅሙ መወድስ በየጊዜው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሲበላሽበት ይታረማል። የዋድላ ቅኔ ቤት ስሙ በመላ አገሪቱ የሚነሳው በዚህ ነው። በመስጊዱም እንዲሁ። ደረሳው አንዱን ኪታብ አንብቦ ሲጨርስ ሌላውን ይከፍታል፤ ፈጣኑ ቁርአን ቀድሞ ያኸትማል፣ ዝግ የሚለው በራሱ ጊዜ ይደርሳል።

በትምህርት ቤቱ የሰለቸ ልጅ እዚያ ሲሄድ የሚነቃበት ጊዜ አለ። የሚለፋበት ነገር ያገኛላ! ከመደበኛው ጋር ሲነጻጸር ሒሳብና ሳይንስ አይሰጠውም። የማስታወስ፣ የቋንቋና የትዕግሥት ልምድ ግን የትም እንዲህ አያገኝም፤ ከነፃ ጋር በሚቀራረብ ዋጋ። ቅዳሜና እሑድ ወይም ክረምት ላይ መሞከር ይቻላል። መምህሩን ግን ምረጡ። በአለንጋ የሚያስተምር ከሆነ ልጁን አታስጠጉት።

ከትምህርት ቤት ውጭ

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ኮምፒውተር ካገኛችሁ ስክራች የሚባለው የፕሮግራም መማሪያ ነፃ ነው። ገጹ በአማርኛ ይከፈታል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ካን አካዳሚም ነፃ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ልጅ መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ። ስልክ ሰጥቶ መሄድ አይሆንም።

ከሁሉ የበለጠው ግን ሰው ነው። እዚህ ሰፈራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ጎረቤት አለ። ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያህል አጠገቡ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ብሎን መልቀም ብቻ ነበር ሥራው። አሁን በመልቲሜትር ሽቦ የተበጠሰ መሆኑን ያያል። «አያ፣ ይሄ ለምን አይጮህም?» ሲለው ሰውዬው ሥራውን አቁሞ ይመልስለታል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራችሁ አለ፤ አናጢ፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ልጁ የሚወደውን አይታችሁ ሰውየውን ፈልጉ። ኮምቦልቻ የምትኖሩ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አጠገባችሁ ነው። መምህራኑን ለልጆች ቤተ ሙከራ የሚያሳዩበት ቀን እንዳለ ጠይቁ።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ይህን ሁሉ መስከረም ላይ ልትጀምሩ አትሞክሩ። መስከረም ክፍሉ ሞልቷል፣ ፕሮግራሙ ወጥቷል፣ ዳይሬክተሩም ትንፋሽ የለውም። ደብተሩን ሚያዝያ ላይ ጀምሩ። ሰኔ መጨረሻ፣ ፈተና ታርሞ ካርድ ሳይሰጥ፣ የላይኛውን ክፍል ወረቀት ለምናችሁ አስፈትኑት። ሐምሌ ላይ ምዝገባ ሳይጧጧፍ ደብተሩንና የታረመውን ወረቀት ይዛችሁ ዳይሬክተሩ ቢሮ ግቡ። የመጀመሪያው ቀን እምቢ ቢሏችሁ አብሽሩ፤ እኔም ሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ነው «እስቲ ወንበር እንፈልግለት» የተባልኩት።